ሰርዶና እንግጫ በአሽዶድ

ሣሩ በታጨደ በማግስቱ ጧት ከፎቅ ላይ ሲያዩት ውርጭ የመታው ይመስላል። አሽዶድ ግን የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ ውርጭ ብርቋ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር አንዲት ወጣት እናት ነጩን ነገር ሻጋታ ነው ብላ ለ«ቫአድ ባይት»፣ ለሕንፃው ኮሚቴ ማለት ነው፣ ስልክ ደውላለች። የግቢውን ሣር የሚንከባከቡት ሽማግሌ መጡና ተንበረከኩ። ከቅጠሎቹ መሐል ብቅ ካሉት ቀጫጭን ነጫጭ ክሮች ጥቂቱን በሁለት ጣታቸው ቆንጥረው አዩና ሳቁ።

«አልታመመም ልጄ። አበባው ነው። ይኼ ሣር አበባውን ደብቆ ነው የሚያወጣ።»

«አባባ፣ ሣር ደግሞ አበባ አለው እንዴ?»

«የሌለው ምን አለ? አይታይም እንጂ።»

ሽማግሌው ልክ ናቸው። ሣሩ ኪኩዩ ይባላል። በእስራኤል በግቢና በመናፈሻ ከሚተከሉት የሣር ዓይነቶች ዋነኛው ማለት ይቻላል። አበባው ቅጠሉ ሥር ተሸሽጎ ይቆይና ሣሩ ባጭሩ ሲታጨድ ነጫጭ ክሮቹን በአንድ ሌሊት ያወጣቸዋል። ይህን የማያውቅ ሰው ለበሽታ መድኃኒት ይገዛል። ስሙን ከኬንያው የኪኩዩ ሕዝብ ያግኝ እንጂ አገሩ ከኢትዮጵያ እስከ ታንዛኒያ የተዘረጋው የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ነው። ጣሊያናዊው የዕፅዋት ሊቅ ኤሚልዮ ኪዮቬንዳ እ.ኤ.አ. በ1903 ሳይንሳዊ ስሙን በይፋ ካተመ በኋላ በየአህጉሩ ተሰራጭቷል። ወደ ካሊፎርኒያ በ1910ዎቹ መጨረሻ የገባው የቦይ ዳር አፈር እንዲይዝ ታስቦ ነበር። ቦዩን አልፎ እርሻውንና ግቢውን ስለወረረ ዛሬ በአሜሪካ ፌደራል መንግሥት የአደገኛ አረም መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እዚህ አሽዶድ ግን ሰዎች በጥቅልል ገዝተው፣ በመኪና አስጭነው፣ ገንዘብ ከፍለው ያስነጥፉታል።

ስለዚህ የአሽዶድን ሣር የሚያርም ሰው ከሁሉ በፊት መለየት ያለበት አረሙን ሳይሆን ሣሩን ነው። የተተከለው ኪኩዩ ነው? ጨው የሚችለውና በባሕር ዳር የሚወደደው ፓስፓሉም ነው? ወይስ ሰርዶ ነው? አንዱ ግቢ ውስጥ አረም የሆነው ሌላው ግቢ ውስጥ ባለቤት ነውና።

ይህ ሁሉ ሣር የተነጠፈባት አሽዶድ እንደ ዘመናዊ ከተማ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው፤ በአሸዋ ክምር ላይ። የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች ከሞሮኮ የመጡ ነበሩ፤ የግብፅ አይሁድም ተከተሉ። ወደቡ በ1965 ሥራ ጀመረ። ከተማዋ በዕብራይስጥ ፊደላት ስም በወጣላቸው «ሮቫ» በሚባሉ ሰፈሮች ተከፋፈለች፤ እያንዳንዱ ሮቫም የራሱ ሱቅ፣ የራሱ ትምህርት ቤት፣ የራሱ አረንጓዴ ቦታ እንዲኖረው ታቀደ። የሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ብዙ ሺሕ ሩሲያኛ ተናጋሪ ገባባት። ከጎንደርና ከትግራይ ገጠር በሱዳን በረሃ አቋርጠው በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ የመጡት፣ ከዚያም በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከአዲስ አበባ ከ14 ሺሕ በላይ ሆነው በአንድ ቀን ተኩል በአየር የተጓጓዙት ቤተ እስራኤላውያንም በዚችው ከተማ ትልቅ ማኅበረሰብ አላቸው።

የጥንቱን አሸዋ ለማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ደቡብ፣ ወደ ኒጻኒም ይውረድ። እዚያም ቢሆን አሸዋው ብቻውን አይደለም። በ1970ዎቹ አሸዋውን እንዲያሲዝ ተብሎ ከሰሜን አሜሪካ የመጣ፣ ቢጫ አበባ ያለው፣ ቅጠሉ ሲታሽ የካምፎር ሽታ የሚሰጥ ተክል አሁን ክምሩን ወሮ የተፈጥሮ ጥበቃ ሰዎችን እንቅልፍ ነስቷል። ዕብራይስጡ «ትዮኒት ሃሆሎት» ይለዋል። በከተማው ውስጥ ደግሞ አሸዋው ላይ ሣር የሚለመልመው ከሌላ ቦታ በመኪና በተጫነ አፈር ነው። ከአፈሩ ጋር፣ ከችግኝ ጣቢያው ማሰሮ ጋር፣ ከነፋሱ ጋር ያልተጠራ ሁሉ ይገባል። በአንድ ካሬ ሜትር የአሽዶድ ሣር ውስጥ አፍሪካን፣ አሜሪካን፣ የሜዲትራንያንን ዳርቻ አንድ ላይ ማግኘት አያስቸግርም።

ሽማግሌው ሥራ የሚጀምሩት ገና ሳይነጋ ነው፤ ከረፋዱ በኋላ የበጋው ፀሐይ አያሠራም። በኪሳቸው አንድ ጫፉ የተቆለመመ ቢላ፣ በእጃቸው እዚህ «ቱሪያ» የሚሏት አጭር መቆፈሪያ ይዘዋል። ሣሩ ከታጨደ ሦስት ቀን ሆኖታል። ከሩቅ ሲያዩት ለጥ ያለ ነው፤ ጠጋ ሲሉ ግን እዚህም እዚያም ከሌላው ቀድሞ ሽቅብ የመዘዘ፣ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ቅጠል ቆሟል። አንዱን ከግንዱ ቆረጡና ሰጡኝ።

«አንከባለው በጣትህ።»

አንከባለልሁት፤ አልከባለልም አለ።

«ሣር ክብ ነው። ይችኛዋ ማዕዘን አላት፤ ሦስት። እንግጫ ናት።»

ከዚህ የተሻለ ትምህርት በየትኛውም የግብርና ኮሌጅ አይሰጥም። የእንግጫ ወገን ሣር መስሎ ሣር ያልሆነ ተክል ነው። የሣር ግንድ ድቡልቡልና ባዶ፣ በአንጓ የተከፋፈለ ሲሆን የእንግጫ ግንድ ባለሦስት ማዕዘን፣ ውስጡ ሙሉ፣ አንጓ የሌለው ነው። የሣር ቅጠል በግንዱ ግራና ቀኝ በሁለት ረድፍ ይወጣል፤ የእንግጫ በሦስት። በጎጃም ልጃገረዶች ለእንቁጣጣሽ የሚነቅሉት ይኸው ወገን ነው፤ ለበዓል ቤት የሚጎዘጎዘው ቄጤማም የሥጋ ዘመዱ ነው። በአሽዶድ ሣር ውስጥ የሚገኘው ዓይነት ሳይንሳዊ ስሙ ሳይፐረስ ሮተንደስ ነው፤ ዕብራይስጡ «ጎሜ ሃፕካይም» ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 ሊሮይ ሆልምና ባልደረቦቹ የዓለምን ክፉ አረሞች ደረጃ ሰጥተው ባሳተሙት መጽሐፍ አንደኛ ያደረጉት እሱን ነው። ሁለተኛው ሰርዶ ነው። የጎንደር ገበሬ ሁለቱንም ለማወቅ መጽሐፉን መጠበቅ አላስፈለገውም።

እንግጫን አንደኛ ያሰኘው ከመሬት በላይ ያለው አይደለም። ሽማግሌው በቱሪያው ከሥሩ ዙሪያ ቆፍረው አንድ ክንድ ያህል አፈር ገለበጡና አሳዩኝ፤ ጥቁር ቅርፊት ያላቸው፣ ሲቆረጡ ነጭ የሆኑ፣ ሽታቸው የሚያውድ ድንቾች በቀጭን ሥር እንደ መቁጠሪያ ተሰክተዋል። ጫፍ ላይ ያለው ድንች ሲያቆጠቁጥ ከኋላው ያሉት ተኝተው ይቆያሉ። ሥሩ ከተበጠሰ ግን የተኙት እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ችለው ይነሣሉ። በእጅ ምዝዝ አድርጎ የሚነቅል ሰው የሚያገኘው ቅጠሉንና አንገቱን ነው፤ ሰንሰለቱን በጥሶ እታች ይተወዋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ በአንዱ ፋንታ ሦስት ይበቅላል። ሰውየው ደግሞ ጎረቤቱን ይጠረጥራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በሱዳን፣ በነጭ ዓባይ ዳር አል ኺዳይ በሚባል ጥንታዊ የመቃብር ሥፍራ የተገኙ የሰው ጥርሶች ላይ በተጠራቀመው ድንጋይ ውስጥ የዚሁ የእንግጫ ድንች ቅሪት መገኘቱን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 አሳትመዋል። ሰዎቹ ለሺሕ ዓመታት ሲበሉት ኖረዋል፤ ጥርሳቸው እምብዛም አለመበስበሱም ከሱ ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ጥናቱ ይገምታል። ዛሬ ሰው ገንዘብ ከፍሎ መርዝ የሚረጭበት ተክል አንድ ጊዜ ቀለብ ነበር። ይህን ለሽማግሌው ብነግራቸው ብዙም አልደነቃቸውም። «በረሃብ ጊዜ የማይበላ ምን አለ?» አሉ።

ሰርዶ ሌላ ጠባይ አለው። በሀገራችን አህያ «እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል» አለች ይባላል፤ የአህያ ምኞት ግን እስካሁን አልሰመረም። ዕብራይስጡ «ያብሊት» የሚለው ይኸው ሰርዶ በኪኩዩ ሣር ውስጥ ሲገባ የሚታወቀው በቀለሙና በክሩ ነው። የኪኩዩ ሐረግ ወፍራም፣ ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ ፀጉራም፣ ቀለሙ ብሩህ አረንጓዴ ነው፤ ሲረግጡት ስርግድ ይላል። ሰርዶ ቀጭን፣ ጠንካራ፣ ወደ ግራጫ የሚያደላ ነው። ከመሬት በላይም ከመሬት በታችም ይሄዳል። የእግረኛ መንገዱን ንጣፍ ሥር ለሥር አልፎ በሌላው በኩል ብቅ ይላል። ዘሩን ሲያወጣ ከአንድ ነጥብ የተነሡ ከሦስት እስከ ሰባት ጣቶች ይዘረጋል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። «ኤጽባን» የሚባለው የበጋ አረምም ጣቶች አሉት። ልዩነቱ ኤጽባን የአንድ ዓመት ተክል መሆኑ ነው፤ ቅጠሉ ሰፊና ለስላሳ ነው፣ ግንዱ ከሥሩ ወደ ቀይ ያደላል፣ ሲጎትቱት ከነሥሩ ይወጣል። ሰርዶ ሲጎትቱት ይበጠሳል። ቅጠሉ ከግንዱ የሚገናኝበትን ቦታ ወደ ኋላ ገልብጦ ማየትም ይበቃል፦ በሰርዶ አጫጭር ነጫጭ ፀጉሮች በረድፍ ቆመዋል፤ በኤጽባን ስስ ወረቀት የመሰለ ሽፋን አለ። ኤጽባንን ነቅሎ መጣል ይቻላል፤ ክረምት ሲገባም ራሱ ይሞታል። ሰርዶ አይሞትም፤ ይተኛል እንጂ።

የሰርዶ ነገር ሌላም ገጽታ አለው። በሞቃት አገሮች ለእግር ኳስና ለጎልፍ ሜዳ የሚመረጠው የሰርዶ ዲቃላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በጆርጂያ፣ አሜሪካ ግሌን በርተን የሚባል አዳቃይ ያወጣው ቲፍዌይ የተባለ ዓይነት የአባቶቻችን ሰርዶ ከደቡብ አፍሪካው ዘመዱ ጋር የተዳቀለበት ነው። ቅዝቃዜ ሲመጣ ይህ ሣር ስለሚቦዝን ሜዳው አረንጓዴ እንዲመስል ላዩ ላይ የክረምት ሣር ይዘራበታል። የሚዘራው ደግሞ የእንክርዳድ የቅርብ ዘመድ ነው። ገበሬው ከስንዴው ለቅሞ የሚጥለውን ወገን ሜዳ ጠባቂው በኪሎ ገዝቶ ይዘራዋል።

ሽማግሌው በዚህ አገር መጀመሪያ ያስቸገራቸው የአረሙ መልክ ሳይሆን ወቅቱ እንደነበር ይናገራሉ። በጎንደር ገጠር አረም የሐምሌና የነሐሴ ነገር ነው። ሰማዩ እየዘነበ፣ ጭቃው እየተያዘ፣ ወንፈል ተጠርቶ ጤፉና ማሽላው ይታረማል። በአሽዶድ ሐምሌ ላይ አንድ ጠብታ አይወርድም። ዝናቡ የሚጀምረው በጥቅምት ገደማ ነው፤ የሚያበቃው በሚያዝያ ነው። ስለዚህ አረሙ ሁለት ጭፍራ አለው። አንዱ ክረምት ላይ በሰማዩ ውኃ የሚበቅል ነው። ሌላው በበጋ በቧንቧ ውኃ ብቻ የሚኖር ነው።

ይህን ልዩነት ቸል ማለት ያስከፍላል። በሐምሌ ግቢያችሁ ውስጥ አረንጓዴ የሆነ አረም ካያችሁ፣ እናንተ የከፈላችሁበትን ውኃ እየጠጣ ነው። እንግጫ በአንድ ጥግ ብቻ ከተሰበሰበ የሚፈስ ቧንቧ ወይም የተሰበረ መርጫ እዚያ እንዳለ ጠርጥሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 እስራኤል በድርቁ ምክንያት ከመጠን በላይ ውኃ በሚጠቀሙ ቤቶች ላይ ልዩ ቀረጥ ስትጥል በመጀመሪያ የተነካው ባለሣር ግቢ ነበር። ቀረጡ ብዙ ሳይቆይ ታገደ፤ ከዚያ ወዲህ አሽዶድ ራሷ የባሕር ውኃ የሚያጣራ ትልቅ ጣቢያ አላት። ይሁንና ውኃው አሁንም በነፃ አይመጣም፤ አረሙም ሂሳብ አይጋራም።

ከበጋዎቹ አረሞች መሐል ለይቶ ማወቅ የግድ የሚሆንባቸው ሁለት ተክሎች አሉ፤ ሁለቱም መሬት ለመሬት ይሳባሉ፣ ሁለቱም ቀላ ያለ ግንድ አላቸው፣ ሁለቱም በንጣፍ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ መብቀል ይወዳሉ። አንደኛዋ «ሬጌላ» ናት፤ ዐረቦች «ሪጅላ» ይሏታል። ቅጠሏ ወፍራም፣ ውኃ የቋጠረ፣ ለስላሳ ነው። የከተማዋ መሥራቾች ወገን የሆኑ የሞሮኮ እናቶች በነጭ ሽንኩርት፣ በሎሚና በዘይት አብስለው ያቀርቧታል። አንዲት የሞሮኮ ተወላጅ ጎረቤት ሽማግሌው የነቀሏትን ሬጌላ ከቆሻሻ ከረጢቱ ውስጥ እየመረጠች ስትወስድ አይቻለሁ፤ እሳቸውም ለእሷ ብለው ለብቻ ያስቀምጡላት ጀመር። ሁለቱ የሚግባቡት በሃያ ቃል ዕብራይስጥ ነው፤ ይበቃቸዋል።

ሁለተኛዋ የቁልቋልና የቅንጭብ ወገን ናት። እስራኤላውያን «ሃልባሎብ» ይሏታል። ቅጠሏ ስስና ትንሽ ነው፤ አንዳንዱ ዓይነት በቅጠሉ መሐል ቀይ ጠባሳ አለው። ግንዷ ሲበጠስ ነጭ ወተት ይወጣታል። የቁልቋል ወተት ዓይን እንደሚያጠፋ በኢትዮጵያ ያደገ ሕፃን ሁሉ ያውቃል፤ የዚችም ወተት ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ስለዚህ ሬጌላ ለቅሞ ሊበላ የሚፈልግ ሰው እያንዳንዷን ግንድ ሰብሮ ይመልከት፤ ወተት ካየ ይጣላት። ምንም ወተት ባይኖርም የከተማ ሣር ላይ ምን እንደተረጨ፣ የማን ውሻ እንደዋለበት አይታወቅምና ከገዛ ግቢው ያልሆነውን ባይበላ ይመረጣል። ሬጌላን ነቅሎ እዚያው ሣሩ ላይ መተውም ስህተት ነው። ቅጠሏ ውኃ ስለቋጠረ ተነቅላም ዘሯን ታበስላለች፤ አንዷ ከመቶ ሺሕ በላይ ዘር ልትጥል ትችላለች።

የክረምቱ ጭፍራ ቁጥሩ ብዙ ቢሆንም ለማወቅ አያስቸግርም። ሳማን ለማወቅ ማንም አስተማሪ አያስፈልገውም፤ እጅ ራሱ ይናገራል። ቢጫ አበባ ያለው «ሃምጺጽ» ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ነው፤ የሠፈሩ ልጆች ጎምዛዛ አገዳውን ያኝካሉ። ሦስት ቅጠሎቹን ብዙ ሰው ከማገጥ ያምታታቸዋል። የሃምጺጽ ቅጠል ጫፉ የተሰነጠቀ የልብ ቅርጽ ነው፤ የማገጥ እንቁላል ቅርጽ ነው። ሃምጺጽ በትናንሽ የሥር ሽንኩርቶቹ ስለሚራባ ቅጠሉን መልቀም ፋይዳ የለውም። «ሁቤዛ» የምትባለው ክብ ቅጠል ያላት ተክል ደግሞ በ1948 ኢየሩሳሌም በተከበበች ጊዜ ሕዝቡን የመገበች በመሆኗ እስካሁን የነፃነት ቀን ሲመጣ የሚያበስሏት አሉ። ሥሯ ጥልቅ ነው፤ ሳትጎለምስ ካልተነቀለች ያለ ቱሪያ አትወጣም።

አረም ግን ማስቸገር ብቻ ሳይሆን ይመሰክራልም። ጎርተብ፣ ቅጠሉን አሽተን ቁስል ላይ የምናደርገው ያው ተክል፣ በሣሩ መሐል መስመር ሠርቶ ከበቀለ ሰው የሚያቋርጥበት፣ አፈሩ የተደመደመበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ የሚያስፈልገው መርዝ ሳይሆን በሹካ መውጋትና አየር ማስገባት ነው፤ ወይም ሽንፈትን አምኖ የእግር መንገድ መሥራት ነው። ማገጥና መሰሎቹ ከበዙ ሣሩ ናይትሮጅን አጥቷል፤ እነሱ ከአየር ወስደው ራሳቸውን ስለሚመግቡ የተራበ ሣር መሐል ይነግሣሉ። ሳማ የሚበዛው በተቃራኒው አፈሩ ሲጠግብ ነው። ሽማግሌውን የቀጠረው ኮንትራክተር ይህን ሁሉ አይሰማም፤ በወር አንድ ጊዜ ይረጫል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል።

የሚረጨው ነገር ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ያገኘውን ሁሉ የሚያደርቅ መድኃኒት ነው። ከእነዚህ የታወቀው ግላይፎሴት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 «ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም» ከሚላቸው መደብ አስገብቶታል፤ ክርክሩም አላበቃም። ክርክሩን ትተን የሣሩን ጉዳይ ብቻ ብናይ እንኳ መድኃኒቱ ኪኩዩንም አብሮ ይገድላል። በሞተው ሣር ፋንታ ክፍት መሬት ይቀራል። ክፍት መሬት ላይ ቀድማ የምትደርሰው ሬጌላ ናት፤ ከሷ ጋር ነፋስ የሚያመጣው፣ በእስራኤል ይህንኑ መድኃኒት የለመደ «ካይጼት» የሚባል ረጅም አረም ይመጣል። ሣር የማይነኩና እንግጫን ወይም ሰፋፊ ቅጠሎችን ብቻ የሚያጠቁ መድኃኒቶች አሉ። የትኛው እንደሚያስፈልግ የሚያውቀው ግን አረሙን የለየ ሰው ብቻ ነው።

ያለ መድኃኒት የሚሠራ አንድ ዘዴ የተወለደው ከአሽዶድ ብዙም በማይርቅ ቦታ ነው። በዮርዳኖስ ሸለቆ ያሉ ገበሬዎችና የግብርና ባለሙያዎች ከላስቲክ በታች ያለው አፈር በበጋ እንዴት እንደሚፋጅ አስተውለው ነበር። በሬሖቮት የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ ያዕቆብ ካታንና ባልደረቦቹ ሐሳቡን ፈትነው እ.ኤ.አ. በ1976 አሳተሙት። ዘዴው ቀላል ነው፦ በሐምሌና በነሐሴ መሬቱን በደንብ አጠጥቶ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ላስቲክ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መሸፈን። የላይኛው አፈር ከ45 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ የብዙ አረም ዘርና የአፈር በሽታ ይሞታል። ይህ ለነባር ሣር አይሆንም፤ ሣሩንም ይቀቅለዋል። አዲስ ሣር ከመንጠፉ በፊት ለሚዘጋጅ መሬት ግን ዛሬም ወደር የለውም። እንግጫ እዚህም ላይ ያስቸግራል፤ ጥልቅ ያሉት ድንቾች ሙቀቱን ተርፈው ይነሣሉ።

አዲስ ሣር ለማንጠፍ የሚያስብ አሽዶዳዊ የቀን መቁጠሪያም መመልከት አለበት። በሰባት ዓመት አንዴ በሚመጣው የ«ሽሚታ» ዓመት ሃይማኖታቸውን የሚጠብቁ ሰዎች አዲስ ተክል አይተክሉም፤ የሚፈቀደው ያለው እንዳይጠፋ የሚያደርግ ሥራ ነው። ያለፈው ሽሚታ ከ2021 እስከ 2022 መጸው ነበር፤ የሚቀጥለው በ2028 መጸው ይገባል። ሽሚታ ሊገባ ሲል የችግኝ ጣቢያዎች ይጣበባሉ፤ በጥድፊያ የተገዛ አፈርና ማሰሮ ደግሞ ሳይመረመር ይገባል። የማሰሮውን ሥር ገልብጦ ጥቁር ድንች አለመኖሩን ማየት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ያቺ ወጣት እናት ሰንበት ከመግባቱ በፊት ዓርብ ረፋድ ላይ ቡና ታፈላለች። ረከቦቷ የምትቀመጠው ከሱቅ በተገዛ የላስቲክ ሣር ላይ ነበር፤ እስራኤል ውስጥ በብዙ ቤት የሚታይ ነገር ነው። አንድ ዓርብ ሽማግሌው የቆረጡትን እንግጫ አንድ እቅፍ አድርገው ሰጧት።

«ጎዝጉዢው። ሽታው ከላስቲኩ ይሻላል።»

«አባባ፣ አረም አይደል እንዴ?»

«ግቢው ውስጥ ነው አረም። ቤት ከገባ ጉዝጓዝ ነው።»

ለግቢው ግን የሚከተለውን ማድረግ ነው። ማንኛውንም አረም ከመንቀላችሁ በፊት አንዱን ከነሥሩ ቆፍራችሁ አውጡና ግንዱን አንከባሉ፣ ስበሩ፣ ሥሩን እዩ፤ ስልካችሁ ላይ ያለው ፎቶ አንሺ ፕሮግራም አበባ ሲያይ ደህና ነው፣ ሥር ግን አያይም። ሣሩን ከአራት ሳንቲ ሜትር በታች አትላጩት፤ እንግጫ ጥላ አይወድም፣ የአብዛኛው አረም ዘርም ብርሃን ካላገኘ አይነሣም። ውኃውን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከማጠጣት አራርቆ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል። እንግጫን ነቅሎ ለማጥፋት የቆረጠ ሰው በመጋቢት የመጀመሪያው ቅጠል ብቅ ሲል ጀምሮ አዲስ ድንች ሳይቋጥር በየሁለት ሳምንቱ እስከ ጥቅምት ድረስ ሳያቋርጥ መንቀል አለበት፤ ይህንንም ለሁለት ሦስት ዓመት። ያን የሚያደርግበት ጊዜ ከሌለው ከሣሩ ጋር አብሮ ይጨደው፤ በበጋ መካከል አንዴ ነቅሎ የሚተወው እንግጫ ይበዛል እንጂ አይጠፋም።